የሞት ቀን በባክቴሪያ ይገመታል? የሰንዳፋው የዶሮ ሙከራ ማስታወሻ

የካቲት 18፣ 2017

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀን ቀን የሰው ሽንት፣ ሰገራና አክታ ሳይ እውላለሁ። ይሄኛው ግን የግሌ ነው። በዓመት ፈቃዴ፣ በኪሴ፣ ሰንዳፋ አክስቴ ግቢ።

የለከፈኝ አምና ያነበብኩት ጥናት ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ መጽሔት ላይ የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሳይንስ የተለገሱ 36 አስከሬኖች ሜዳ ላይ ተቀመጡ። ቦታው ሦስት ነው፦ ኖክስቪል ቴነሲ፣ ሃንትስቪል ቴክሳስ፣ ግራንድ ጃንክሽን ኮሎራዶ። ለ21 ቀን በየቀኑ ከቆዳቸውና ከአፈሩ ናሙና ተወሰደ። ኮሎራዶ ደረቅ ነው፣ ሌሎቹ ሁለቱ እርጥበት አላቸው። ሆኖም አንድ ዓይነት የባክቴሪያና የፈንገስ ቡድን ሦስቱም ቦታ ብቅ አለ። የሚመጡበት ተራም ተቀራራቢ ነው። ከዚያ ተነስቶ ኮምፒውተር ሰውየው ከሞተ ስንት ቀን እንደሆነው በ3 ቀን ገደማ ስህተት ይገምታል።

ሦስት ቀን ብዙ ይመስላል። ግን ሬሳ ሲገኝ መርማሪው በእጁ ምን እንዳለው አስቡት። የገላ ሙቀት፣ የጡንቻ መድረቅ፣ ደም ወደ ታች ወርዶ የሚያመጣው የቆዳ ቀለም። እነዚህ የመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን መሣሪያዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ዝንብና ትል ይቀራል። ዝንብ ደግሞ በር ከተዘጋበት ይቸገራል። ባክቴሪያው ግን ድሮም ሆድ ውስጥ ነበር።

እኔ የዲኤንኤ ማንበቢያ ማሽን የለኝም። የማውቀው ፔትሪ ዲሽ ላይ ባክቴሪያ አብቅሎ መቁጠር ነው። ጥያቄዬም ይሄ ነው፦ በዚህ ብቻ፣ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሌሊቱ በሚቆረጥምበት ሰንዳፋ፣ የዶሮ የሞት ቀን ምን ያህል ተቀራርቤ ልገምት እችላለሁ?

ጾም እስኪገባ የጠበቅኩት አስቤበት ነው። ትናንት ገባ፣ ዶሮ ረከሰ። ጓደኛዬ ቢሾፍቱ እርባታ አለው። እንቁላል መጣል ያቆሙትን አንዷን በ550 ብር ሊሰጠኝ ተስማማን። ሙከራውን እዚያው ልሥራው ብዬው ነበር። «አብደሃል? ጥንብ ከዶሮ ቤት አጠገብ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ በሽታ መጋበዝ ነው።

አክስቴ ደግሞ ቅሬታዋ ሌላ ነው። «በጾም ዶሮ ገዝተህ ለዝንብ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ለማንኛውም ከውኃ ጉድጓዱ የራቀ የጓሮ ጥግ ሰጠችኝ። ስጨርስ መሬቱን እንደነበረ መመለስ አለብኝ።

የካቲት 20። ዕቃና ወጪ

ባክቴሪያ የሚበቅልባቸው ሁለት ዓይነት ምግቦች፣ ማኮንኪና ኑትሪየንት አጋር፣ ከሌላ ሰው ጋር ተካፍዬ፣ 8,600 ብር። ፔትሪ ዲሽ 200 ፍሬ፣ 5,000። የአሲድነት መለኪያ ፒኤች ወረቀት 600። ኢኤስፒ32 የሚባል መረጃ መዝጋቢ ቦርድና ሦስት ውኃ የማያስገቡ የሙቀት ሴንሰሮች፣ ከነሜሞሪ ካርዱ 3,100። ጓንት፣ ማስክ፣ በረኪና፣ ኖርማል ሳላይን፣ ስዋብ፣ በድምሩ 2,200 ገደማ።

ዲሾቹን የሚያሞቅ ኢንኩቤተር ከፎም ሳጥን፣ ከ40 ዋት አምፖልና ከርካሽ ቴርሞስታት ሠራሁ። በግፊት እንፋሎት የሚያመክን አውቶክሌቭ የለኝም። የአክስቴን ፕሬዠር ኩከር ተዋስኩ። ለምን እንደሆነ ስነግራት «በቃ ያንተ ይሁን» አለችኝ። አዲስ ልገዛላት ነው ማለት ነው። 4,500 ብር ጨምሩበት።

የሥራ ቦታዬን ላቦራቶሪ ለዚህ አልነካም። ዶሮ ሆድ ውስጥ ሳልሞኔላ ሊኖር ይችላል። የበሽተኛ ናሙና ካለበት ጠረጴዛ ጋር መቀላቀል የለበትም።

የካቲት 22። ምንም ሳላደርግበት የበቀለው አጋር

መጀመሪያ የሠራኋቸው 12 ዲሾች ላይ ምንም ናሙና አላደረግኩም። ንጹሕ መሆናቸውን ለማየት ብቻ ኢንኩቤተር ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት 7ቱ ላይ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ነጠብጣብ) አለ።

እጄን ጠረጠርኩ፣ አየሩን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ ያለው ድስቱ ላይ ነው። አውቶክሌቭ 121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ሲባል የባሕር ጠለል ሒሳብ ነው። ድስቱ የሚጨምረው ግፊት ከውጭው አየር በላይ ነው። እዚህ ደግሞ የውጭው አየር ራሱ ቀጭን ነው፣ ውኃ 92 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ድስቱ ሙሉ ግፊቱን ቢሰጠኝ እንኳ 116 እና 117 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚደርሰው። 15 ደቂቃ አይበቃም።

ወደ 40 ደቂቃ አሳደግኩት። ሁለተኛው ዙር 12ቱም ንጹሕ አደሩ። የ7 ዲሽ ኪሳራ ነው፣ ይሁን።

የካቲት 24 እስከ 27። የመጀመሪያው ሙከራ፣ ሙሉ በሙሉ ብልሽትሽት

ሦስት ስህተት በአንድ ሳምንት።

አንደኛው። ብር ልቆጥብ ብዬ ጓደኛዬ ዘንድ በራሳቸው የሞቱ ሁለት ዶሮዎች በነፃ ወሰድኩ። ሰንዳፋ ደርሼ ማስታወሻ ስከፍት «ሰዓት ዜሮ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። መቼ ሞቱ? «ማታ ደህና ነበሩ፣ ጠዋት ሞተው አገኘናቸው» ነው መልሱ። የሞት ሰዓት መገመቻ ልሠራ መጥቼ የሞት ሰዓታቸው የማይታወቅ ዶሮ ይዤ ቁጭ። ራሴን ታዘብኩት።

ሁለተኛው። ሌሎች ሁለት ገዝቼ አረድኳቸው። በቢላዋ። ደማቸው ፈሰሰ፣ ዝንቦቹም በቀጥታ አንገታቸው ላይ ሰፈሩ። ቁስል ያለው በድን ከሌለው የተለየ መንገድ ይሄዳል። ዝንብ እንቁላሏን የምትጥልበት ቦታ ይቀየራል፣ ደሙም የባክቴሪያ ምግብ ነበር። ስለዚህ እነዚህንም ሰረዝኳቸው።

ሦስተኛው መሰረዙን አላስፈለገውም። በወንፊት ሽቦ የሠራሁትን ሳጥን ሌሊት ጅብ ገነጣጠለው። ጠዋት የቀረኝ ላባ ነው። የአክስቴ ልጅ «ጅቡ ውጤቱን ወስዶታል፣ እሱን ጠይቀው» ብላ ስትስቅብኝ ዋለች።

የካቲት 29። ብየዳ

አራት ሳጥን ከቶንዲኖ አስበየድኩ። መሬት ውስጥ 40 ሳንቲሜትር የሚገባ እግር አላቸው። 6,800 ብር፣ ከአጋሩ ቀጥሎ የሙከራው ትልቁ ወጪ አሁን ይሄ ነው ማለት ይቻላል። ክፍተቱ ዝንብ እንደልብ የሚያስገባ፣ ውሻና ጭልፊት የማያስገባ ነው።

ዝንብ እንዲገባ መፈለጌ አክስቴን ግራ አጋብቷታል። ከመበስበስ ጋር ከሚመጡት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ የሚመጡት በዝንብ ነው። እነዚያ አሜሪካውያን በየቦታው ካገኟቸው ውስጥ ኢግናትሽኔሪያና ወልፋርቲሞናስ የሚባሉ አሉ። ሁለቱም ከዝንብ ጋር ዝምድና አላቸው። ዝንብ ከከለከልኩ ሰዓቱን ግማሽ ነቀልኩት ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ መጨረሻ ላይ ትመጣለች።

መጋቢት 1። እንደገና፣ ቀን ዜሮ

አራት ዶሮ፣ 2,200 ብር። የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሆነ ጓደኛችን መጥቶ አንገታቸውን በማላቀቅ ገደለልኝ። ቅጽበት ነው፣ ቁስል የለም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 እስከ 3 ሰዓት ከ25። አሁን ዜሮው ይታወቃል።

ሁለቱን ፀሐይ ላይ፣ ሁለቱን ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጥኩ። አንድ ሴንሰር ፀሐይ ያለው ቦታ፣ አንድ ጥላው ሥር፣ አንድ ደግሞ ነፃ አየር ላይ።

የሆዳቸውን ላባ ነጭቼ 5 በ5 ሳንቲሜትር የካርቶን ፍሬም አደረግኩ። ሁልጊዜ በዚያ ፍሬም ውስጥ ብቻ በስዋብ እጠርጋለሁ። ስዋቡ 10 ሚሊ ሊትር ሳላይን ውስጥ፣ ከዚያ አሥር በአሥር እያቀጠንኩ ማኮንኪና ኑትሪየንት አጋር ላይ። በየሁለት ቀኑ፣ እስከ 18ኛው ቀን። በድምሩ 40 ናሙና። ከሥራቸው ካለው አፈር ደግሞ ፒኤች።

ሲሞቱ ሆዳቸው ውስጥ 41 ዲግሪ ነበር። ማታ ላይ ከአየሩ ጋር እኩል ሆኗል። የሙቀት መሣሪያው በአንድ ቀን አለቀ።

መጋቢት 3። ቀን 2

ዲሾቹ ሁሉ ሞልተዋል። እስከ 10,000 እጥፍ ነበር ያቀጠንኩት። ኮሎኒው እርስ በርስ ተጣብቆ ጭቃ መስሏል። የሚቆጠረው ከ30 እስከ 300 ያለ ነው። ከዚህ በኋላ እስከ 10 ሚሊዮን እጥፍ ነው የማቀጥነው። የቀን 2 ቁጥር «ከመጠን በላይ» ተብሎ ተጻፈ።

መጋቢት 5። ቀን 4

ሁለተኛ ችግር። ኑትሪየንት አጋሩ ላይ አንድ ነገር እንደ ማዕበል ከመሐል ወደ ዳር ተዘርግቶ ሌላውን ሁሉ ሸፍኖታል። ይሄን ከሥራዬ አውቀዋለሁ፣ ፕሮቲየስ ነው። አጋር ላይ ይዋኛል። ማኮንኪ ላይ ግን የሐሞት ጨው ስላለበት አይዋኝም፣ ኮሎኒው ኮሎኒ ሆኖ ይቀመጣል።

እናም ዋናው ቆጠራዬ ማኮንኪ ሆነ። እሱ ደግሞ ሌላ ነገር ይሰጣል፣ ቀለም። ላክቶስ የሚያቦኩት እንደ ኢኮላይ ያሉት ሮዝ ይወጣሉ። ፕሮቲየስና ሱዶሞናስ ቀለም የላቸውም። ሮዙን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ መቁጠር ጀመርኩ። ዛሬ ከ10 ኮሎኒ 8ቱ ሮዝ ነው።

የፀሐዮቹ ሆድ አረንጓዴ መሆን ጀምሯል። አንጀት ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የሚያወጣው ሰልፋይድ ከደም ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ቀለም ነው። የጥላዎቹ ገና ናቸው።

መጋቢት 7። ቀን 6

የፀሐዮቹ ተነፉ። ምንቃራቸውና ዓይናቸው ሥር የዝንብ እንቁላል ነበር፣ አሁን ትል ሆኗል። የጥላዎቹ ሆድ ዛሬ አረንጓዴ ሆነ። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በ15 ሜትር ርቀት፣ የሁለት ቀን ልዩነት አለ።

ሴንሰሩን ሳየው ሌላ ጉድ። የነፃ አየሩ ሴንሰር ቀን 41 ዲግሪ ይላል። ሰንዳፋ 41? ቆርቆሮ ላይ ነው ያሰርኩት። አየሩን ሳይሆን ቆርቆሮውን ሲለካ ነው የሰነበተው። ወደ ጥላ አዛወርኩት። የስድስት ቀን የአየር መረጃ ተጣለ። ሌሎቹ ሁለቱ ደህና ናቸው።

መጋቢት 9። ቀን 8

ሌሊቱን መብራት አልነበረም። ኢንኩቤተሩ ቀዝቅዞ አደረ። ዲሾቹን ሌላ 12 ሰዓት ጨምሬ ቆጠርኳቸው፣ ከጎናቸው ኮከብ አደረግኩ። ቦርዱን ከፓወር ባንክ ጋር አገናኘሁት።

የፀሐዮቹ ሆድ ተከፍቶ ፈሳሹ ወርዷል። አፈሩ መረሬ ነው፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ፈሳሹ ስንጥቁን ይዞ ወርዶ ሳጥኑ አጠገብ ካለ ሌላ ስንጥቅ ወጥቷል። ፒኤች ከየት ልውሰድ? ሁልጊዜ ከሥሩ፣ ከመሐል፣ 2 ሳንቲሜትር ጥልቀት ብዬ ደነገግኩ። ከ6.5 ተነስቶ 8 ደርሷል። አሞኒያ ነው።

ሽታው አጥር ተሻገረ። ጎረቤት መጥተው «ምን ሞቶባችሁ ነው?» ብለው ጠየቁ። አክስቴ «የሱ ትምህርት ነው» ብላ መለሰችላቸው። ትምህርት ከተባለ እዚህ አገር የማይታለፍ ነገር የለም።

መጋቢት 13። ቀን 12

ትናንት ዘነበ። የበልግ ዝናብ ነው፣ አጭር ግን ኃይለኛ። የፀሐዮቹ ፒኤች ከ8.3 ወደ 7.6 ወረደ። ማኮንኪው ላይ ሮዙ ከ10 ኮሎኒ ወደ 2 ብቻ ወርዷል፣ ነጩ በዝቷል። ይሄ የቀለም ለውጥ ነው እስካሁን ደስ ያለኝ ነገር። አራቱም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሄደው። የጥላዎቹ ዘግይተው፣ ግን ያው መንገድ ነው።

ፈቃዴ አልቋል። ከአሁን በኋላ ከኮተቤ በየሁለት ቀኑ በሚኒባስ እመላለሳለሁ። ከመመለሴ በፊት ልብስ እቀይራለሁ። አንድ ቀን ረስቼ ተሳፍሬ ረዳቱ መስኮት አስከፈተ።

መጋቢት 19። ቀን 18

የመጨረሻው ናሙና። የፀሐዮቹ ላባ፣ ቆዳና አጥንት ናቸው። የጥላዎቹ ላይ ገና ትል አለ። በዙሪያቸው ያለው ሣር ተቃጥሎ ሞቷል። በ40 ረድፍ የተሞላ ሠንጠረዥ አለኝ።

መጋቢት 21። ያስፈነደቀኝ ቁጥር

ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ፣ ራንደም ፎረስት የሚባል ከምሳሌ ተምሮ የሚገምት ሞዴል ሠራሁ። የማስገባው የሮዝ ቁጥር፣ የነጭ ቁጥር፣ የሁለቱ ንጽጽርና ፒኤች ነው። ከ40ው 30ውን ለማስተማሪያ፣ 10ሩን ለፈተና በዘፈቀደ ከፈልኩ። አማካይ ስህተት 0.9 ቀን!

እነዚያ በ36 አስከሬን 3 ቀን ያገኙ፣ እኔ በአራት ዶሮ ከአንድ ቀን በታች። ለአክስቴ ደወልኩላት። «እሰይ፣ ታዲያ ደሞዝ ይጨምሩልሃል?» አለች።

መጋቢት 22። ያበረደኝ ጥያቄ

ስታትስቲክስ የሚያስተምር ጓደኛዬን አሳየሁት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «መፈተኛው ውስጥ ያለችው ዶሮ ማስተማሪያው ውስጥም አለች?»

አለች። አራቱም በሁለቱም ውስጥ አሉ። የቁጥር 2 ዶሮን ቀን 6 እና ቀን 10 አስተምሬው፣ ቀን 8ን ስጠይቀው «መሐል ነው» ማለት አያቅተውም። ፈተናውን ከነመልሱ ነው የሰጠሁት። በእውነተኛ ምርመራ የሚገኘው ሬሳ ሞዴሉ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቅ ነው። የ2024ቱ ጥናት ሰዎችም አንድ አስከሬን ሙሉ በሙሉ እያወጡ በቀሩት አስተምረው ነው የፈተኑት።

እንደዚያ አደረግኩ። ሦስት ዶሮ አስተምር፣ አራተኛዋን ጠይቅ፣ አራት ጊዜ። ስህተቱ 3.4 ቀን ሆነ።

ጓደኛዬ አሁንም አለቀቀኝም። «ምንም ሳታይ ሁልጊዜ 9ኛ ቀን ነው ብትል ስህተትህ ስንት ነው?» ናሙናዬ 0፣ 2፣ 4 እያለ እስከ 18 ነው። በወረቀት አስላሁት፣ 5 ቀን። ይህ ሁሉ ብየዳ፣ ይህ ሁሉ ሽታ፣ ዓይን ጨፍኖ ከመገመት በቀን ከግማሽ ይሻላል።

የስህተት ነገር ከተነሳ፣ የዚህ ሙያ ትልቁ ሰው አንድ ታሪክ አለው። ዊልያም ባስ ኖክስቪል ያለውን የመጀመሪያውን የአስከሬን ምርምር ሜዳ የጀመረ አንትሮፖሎጂስት ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. ቴነሲ ውስጥ አንድ የተቆፈረ መቃብር ላይ ሬሳ ተገኘ። ሥጋው ገና ቀላ ያለ ነበር። ባስ አንድ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው አለ። ሰውየው በ1864 እ.ኤ.አ. በእርስ በርስ ጦርነቱ የተገደለ ኮሎኔል ሆኖ ተገኘ። መድኃኒት ተቀብቶ በብረት ሣጥን ነበር የተቀበረው። 113 ዓመት ስህተት። የኔ 3.4 ቀን በዚህ ሲታይ አያሳፍርም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

መጋቢት 24። ከቀን ወደ ዲግሪ

ስህተቱን በየዶሮዋ ሳየው መልኩ ግልጽ ነው። የፀሐዮቹን ሁልጊዜ ከእውነቱ የቆዩ ያደርጋቸዋል፣ የጥላዎቹን ደግሞ ትኩስ። ባክቴሪያ ካላንደር አያውቅም። የሚያውቀው ሙቀት ነው።

መርማሪዎች ለዚህ ድምር የሙቀት ቀን ይጠቀማሉ። የየቀኑን አማካይ ሙቀት ደምር፣ ያ ነው። ፀሐዩ ቦታ አማካዩ 18 ስለሆነ አሥር ቀን 180 ነው። ጥላው 14 ስለሆነ 140። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ከ21 አስከሬኖች አፍንጫና ጆሮ ናሙና ወስዶ ስህተቱን የተናገረው በዚህ መለኪያ ነው፣ 55። በእነሱ በጋ ሁለት ቀን ገደማ ማለት ነው።

እኔም ሞዴሉ ቀን ሳይሆን ድምር ሙቀት እንዲገምት አደረግኩት። ስህተቱ 36 ሆነ። በአማካይ ሙቀቴ ሲመነዘር 2.3 ቀን ያህል ነው። ከ3.4 ይሻላል።

ከዚያ ደስታዬን የቀነሰ ነገር አየሁ። ሞዴሉ በብዛት የሚደገፈው በየትኛው መረጃ ነው ብዬ ሳይ፣ አንደኛ ፒኤች፣ ሁለተኛ የሮዝና ነጭ ንጽጽር ነው። ጠቅላላ የባክቴሪያ ቁጥር ምንም አይጠቅምም። ይሄ ሁሉ ማቅጠን በ600 ብር ወረቀት ተበለጠ። አሞኒያውን የሚሠሩት ራሳቸው ባክቴሪያዎቹ ናቸው እያልኩ እከራከራለሁ፣ ግን ሰሚ የለኝም።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። የሆድ ባክቴሪያ አብዛኛው አየር ሲነካው የሚሞት ነው። ባክቴሮይድስና ክሎስትሪዲየም የኔ ዲሽ ላይ አይበቅሉም። ጥናቶቹ ባክቴሪያውን አያበቅሉም፣ 16ኤስ የሚባለውን ጂን አንብበው ማን እንዳለ በስም ያወጣሉ። እኔ ሁለት ቀለም አያለሁ፣ እነሱ ሙሉ ሰልፉን። 40 ናሙና ውጭ ልኬ ለማስነበብ ዋጋ ጠየቅኩ። በዶላር ነው። ኢሜይሉን ዘጋሁት።

መጋቢት 25። ውርርድ

የአክስቴ ልጅ አምስተኛ ዶሮ ታስቀምጣለች። መቼ እንደሆነ አትነግረኝም። ያው ባለሙያ ጓደኛችን ይገድልላታል። እኔ ደውላ እስክትጠራኝ ግቢው አልደርስም። የጥላው ሴንሰር ሙቀት መመዝገቡን ይቀጥላል። ከተሳሳትኩ የትንሣኤን ዶሮ እኔ እገዛለሁ። በዓሉ ሲደርስ ዋጋው ስንት እንደሚገባ ታውቃላችሁ።

ሚያዝያ 4። አምስተኛዋ

ቅዳሜ ጠዋት ጠራችኝ። ዶሮዋ ከጎተራው ኋላ ጥላ ላይ፣ ሳጥን ውስጥ ናት። ሆዷ አረንጓዴ፣ በትንሹ የተነፋ። ትሎቹ ትንንሽ ናቸው። በዓይኔ ብቻ አምስት ስድስት ቀን አልኩ፣ ግን ዓይኔ ሞዴሉን እንዳይጎትተው ዝም ብዬ ናሙናዬን ወሰድኩ።

ሚያዝያ 5። መልሱ

ማኮንኪ፦ ከ10 ሮዙ 6። ፒኤች 7.2። ሞዴሉ 84 አለ። ሴንሰሩን ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ደመርኩ። የጥላው አማካይ አሁንም 14 ነው፣ ስለዚህ 6 ቀን። ስህተቴን 36 ጨምሬ ቀንሼ ከ3 ቀን ተኩል እስከ 8 ቀን ተኩል ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋት።

ወረቀቱን አየችና «መጋቢት 25» አለች። 9 ቀን። ውርርዱን በተስማማን ቀን፣ እኔ ታክሲ ስይዝ ነው ያስገደለቻት።

ከወሰኔ በግማሽ ቀን ወጥቷል። «ቀረብክ እኮ» ብላ ልታጽናናኝ ሞከረች፣ ግን ዶሮውን አልተወችልኝም። እንዴት አድርጋ እንዳስቀመጠቻት ጠየቅኳት። «መጀመሪያ ሦስቱን ቀን ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ነበረች፣ ሳጥኑ ተይዞ ስለነበር። ከዚያ ነው ያወጣኋት።»

ጆንያ። አፉ የታሰረ። ሦስት ቀን ዝንብ አላገኛትም። ሞዴሌ ያየው አራት ዶሮ ብቻ ነው፣ አራቱም ከመጀመሪያው ደቂቃ ዝንብ ያላቸው። በጆንያ የታሰረ ምን እንደሚመስል ማንም አላስተማረውም። ሰው ሲገደል ደግሞ ብዙ ጊዜ አይሸፈንም? አይጠቀለልም?

ሌላም ነገር አሰላሁ። የተሳሳትኩት 42 ድምር ዲግሪ ነው። በቴክሳስ በጋ፣ 27 ዲግሪ ላይ፣ ይሄው ስህተት አንድ ቀን ተኩል ይሆናል። ሰንዳፋ ጥላ ላይ 3 ቀን ነው። በዲግሪ ያው ስህተት እዚህ በቀን እጥፍ ይመዘናል። ይሄን መጀመሪያ ላይ አስቤው ቢሆን ፀሐይ ላይ አስቀምጪያት እላት ነበር።

ሚያዝያ 8። ማጽዳት

አምስቱንም በአንድ ሜትር ጉድጓድ፣ ኖራ ጨምሬ ቀበርኩ። ዲሾቹን በበረኪና አሳድሬ አቃጠልኳቸው። የመጨረሻ ሒሳብ ከትራንስፖርት ጋር 38,000 ብር ገደማ፣ የአክስቴ አዲስ ድስት ገብቶበት። የትንሣኤው ዶሮ አልገባም።

ሳጥኖቹን አልሸጥኳቸውም። ለክረምት ስምንት ዶሮ አስቤአለሁ፣ አራቱ በጆንያ። ጥያቄው አክስቴን ማሳመን ነው። ዛሬ ሣሩ የሞተበትን ቦታ ፒኤች ለካሁላት፣ አሁንም 7.9 ነው። «እዚህ ጎመን ልተክል ነበር» አለችኝ። «ትንሽ ይቆይ እትዬ» አልኳት።